የኃይለልዑል ቆርቆሮ

በ1962 ዓ.ም. ኅዳር ወር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኃይለልዑል ባሌ ሮቤ ውስጥ በጃርሶ ወፍጮ ቤት ግራ እጁን አጣ።

እናቱ ገብስ እንዲያስፈጭ ልካው ነበር። ብርዱ የሮቤ ብርድ ነው፤ ጉሙ ገና ከመሬት አልተነሣም። የለበሰው ከሟች አባቱ የተረፈውን የወታደር ካፖርት ስለነበር እጅጌው ከጣቶቹ አልፎ ይንጠለጠላል። ወረፋ ሲጠብቅ ሞቅ ወደሚለው ወደ ሞተሩ ጥግ ተጠጋ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ሲንጋ፣ ያ ረጅም የጎማ ቀበቶ፣ በአጠገቡ ይሮጣል። ልጁ ሊሞቅ እጁን ዘረጋ፤ ሲንጋው እጅጌውን ያዘው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሱ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ኡመር ነው።

ኡመር የባለ ወፍጮው የጃርሶ ልጅ ነው። ኃይለልዑልን በአንድ ዓመት ይበልጠዋል፤ በቁመት ግን ያኔም ከጎልማሶች እኩል ነበር። ትልልቆቹ ሲጮኹ እሱ የበሩን መወርወሪያ መዝዞ ሲንጋውን ከመዘውሩ ላይ አስፈነጠረው። ሞተሩ ለብቻው መጮኹን ቀጠለ፤ ልጁ በዱቄትና በደም ተለውሶ ወለሉ ላይ ቀረ። ኡመር ሽርጡን ፈትቶ ክንዱን ጥፍር አድርጎ አሰረለት። በዚያ ብርድ በቁምጣ ብቻ ሆኖ፣ እህል በጫነ መኪና ላይ ወጥቶ፣ የጓደኛውን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ አሥራ አራቱን ኪሎ ሜትር እስከ ጎባ ሄደ። ሐኪሞቹ እጁን ማዳን ባይችሉም ልጁን አዳኑት። ግራ ክንዱ ከክርኑ ዝቅ ብሎ ተቆረጠ።

ኃይለልዑል ሆስፒታል ሦስት ወር ተኛ። ቁስሉን የሚያጥብለት ገብረጻድቅ የሚባል ድሬሰር ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ በበር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው። ፋሻው ሲፈታ ልጁ እንዳያለቅስ ወሬ ያመጣለታል። ወሬው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቅርጫት ኳስ።

«ትናንት ፖሊሶቹን አሸነፍናቸው» ይለዋል። «እነሱም እንዳንተ አለቀሱ። ደግሞ እነሱ ቁስል የላቸውም እኮ!»

በዚያ ዘመን ጎባ ውስጥ የመምህራን፣ የፖሊሶችና የሆስፒታል ሠራተኞች ቡድን ነበር። የሚጫወቱት ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ባለው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ከኃይለልዑል አልጋ በላይ ባለው መስኮት የሚታየው የአንደኛው ቀለበት ጫፍ ብቻ ነበር። ኳሷ ብቅ ትላለች፤ ትገባለች ወይም ትስታለች፤ ከዚያ ትጠፋለች። ማን እንደወረወራት አይታይም። ልጁ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ያችን ብቅ ማለቷን ሲጠብቅ ይውላል።

መቆም የቻለ ዕለት ገብረጻድቅ ይዞት ወጣና ከቆርቆሮው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ አቆመው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳውን በሙሉ አየ። ገብረጻድቅ ነጭ ጋውኑን አውልቆ ገባ፤ ትንሽ ሮጠና ኳሷን ከሩቅ ሰዳት፤ ገባች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ኃይለልዑልም ሊያጨበጭብ እጆቹን አነሣ፤ አንደኛው ብቻ መጣ። ቀኝ እጁ አየር ላይ ቆመች። እሱ እንደሚለው፣ እጁን እንዳጣ በትክክል ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ታዲያ እጁን ዝም ብሎ አላወረደውም። በመዳፉ ቆርቆሮውን ጓ! አደረገው።

ተጫዋቾቹ ሁሉ ዞሩ። ገብረጻድቅ ሳቁ መጣ።

«ሰማችሁ?» አለ ለተመልካቹ። «የእናንተ ጭብጨባ ቢደመር ይህን አያህልም!»

ያን ቀን ድሬሰሩ ባስገባ ቁጥር ወደ አጥሩ እየዞረ ይቆም ነበር። ቆርቆሮው ሳይመታለት ወደ ጨዋታው አይመለስም።

ኃይለልዑል አድጎ በሮቤ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ሆነ። የትኬቱን ጥራዝ በጉንድሹ ክንድ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ በቀኝ እጁ ይጽፋል፣ ይቀድዳል። አንድ እጅ እንደሌለው ሳያውቁ ዓመታት የተመላለሱ መንገደኞች ነበሩ። አቤቱታና ግፊያ በሞላበት በዚያ መስኮት ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠርቶ በክብር ጡረታ ወጣ። ሥራውን ስትጠይቁት ግን ስለ መናኸሪያው ብዙ አያወራችሁም። «የሳነቴ ደጋፊ ነኝ» ይላል ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ሰው «መምህር ነኝ» ወይም «ዳኛ ነኝ» እንደሚለው አድርጎ።

የሳነቴ ቅርጫት ኳስ ክለብ የተቋቋመው በ1972 ዓ.ም. ነው። ስሙ ከጎባ በላይ ካለው ከብርዳሙ አምባ የተወሰደ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ያ ኡመር ነበር። ወፍጮ ቤቱን ትቶ ሲናና ላይ ስንዴ ያርስ ነበር፤ ለልምምድ ከእርሻው በቀጥታ ጭቃውን እንደያዘ ይመጣል። ሜዳው ራሱ የከተማው ሰው የእጅ ሥራ ነው። አሸዋውን በጋሪ፣ በአህያና በትከሻ ያመጣው ነዋሪው ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ለሦስት ሳምንት ከሥራ መልስ ሲሚንቶ ሲያቦካ ሰነበተ። ዙሪያው በቆርቆሮ ሲታጠር ኃይለልዑል በገበያው በኩል ያለችውን የማዕዘን ቆርቆሮ ለራሱ መረጠ። ማንም ሌላ ቦታ አላየውም። ከዓመታት በኋላ ቆርቆሮዋ በመዳፉ ልክ ሰረጎደች።

አመታቱ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ለሁለት ነጥብ ሁለቴ፣ ለሦስት ነጥብ ሦስቴ። ከአጥሩ ውጭ ያሉ ሴቶች እንኳ ሽንኩርት እየሸጡ ውጤቱን ይቆጥሩ ነበር። የቅጣት ውርወራ ሲሆን ግን ሜዳው ጸጥ ስለሚል፣ እሱም ከውርወራው በፊት በጣቶቹ ጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ ነካ ያደርጋታል። ለምን እንዲያ እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም። እጁ ዝም ማለት ስለማትችል ይሆናል።

አንድ ጊዜ የእንግዳው ቡድን አሰልጣኝ ተቆጣ። «ይህ ሰውዬ መድፍ ይዞ ነው እንዴ የመጣው? ልጆቼ መረበሽ የለባቸውም!» አለ። ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ እስከ አጥሩ መጣ።

«አባቴ፣ እንደ ሰው ያጨብጭቡ» አለው ቆጣ ብሎ።

ኃይለልዑል አልተከራከረም። የኮቱን ግራ እጅጌ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሰበሰበና አሳየው። ዳኛው ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና ወደ ሜዳው እየተመለሰ «ይቀጥሉ» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቆርቆሮው ያነሣ የለም።

በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ ሮቤ ላይ ከተደረጉት ጨዋታዎች የቀረው ከሁለቱ ብቻ ነው። አንደኛው እናቱ የተቀበረች ዕለት፣ ሁለተኛው ልጁ ሀይሚ በኩፍኝ የታመመች ዕለት ነው። በሠርጉ ቀን እንኳ አልቀረም። ሚስቱ ሠርከአዲስ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትናገረዋለች።

«እኔን ያገባኝ በእረፍት ሰዓት ነው!» ትላለች። «ሚዜዎቹን ሰብስቦ ጠፋ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ሲያልቅ ተመልሶ መጣ። ደግሞ አሸንፈን ስለነበር የሳቀው ለእኔ ይሁን ለኳሱ አላወቅሁም።»

«ለሁለታችሁም ነው» ይላል እሱ።

ኡመር አሥራ ሦስት ዓመት ተጫወተና ጉልበቱ ሲከዳው ወደ እርሻው ተመለሰ። ሳነቴ በ2001 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኛ ሆኑ፤ ከጋምቤላና ከአዲስ አበባ የመጡ ረጃጅም ልጆች በሮቤ መንገድ ላይ ትከሻቸው ከባጃጅ ጣሪያ በላይ ሆኖ ሲሄዱ ሕፃናት ይከተሏቸዋል። ኃይለልዑል የያንዳንዱን ስም፣ የእናቱን አገርና የሚወደውን ምግብ ያውቃል። ጡረታ ሲወጣ ክለቡ የሜዳውን በር ቁልፍ በአደራ ሰጠው። ሌላ ሽልማት አልፈለገም። ቁልፉን በገመድ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ከየጨዋታው በፊት ማልዶ ገብቶ ሲሚንቶውን በባሕር ዛፍ ቅጠል ይጠርጋል።

ይህን ሁሉ የምተርከው በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የሆነውን ለመናገር ነው።

ያን ዓመት ሳነቴ ደካማ ነበር። ከሊጉ ላለመውረድ የቀረው አንድ ጨዋታ ነው፤ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሐዋሳ ከሚመጣው ቡድን ጋር፣ ሮቤ ላይ። ካሸነፈ ይቆያል፤ ከተሸነፈ ወይም ሜዳው ሳይዘጋጅ ቀርቶ በፎርፌ ከተቀጣ ይወርዳል።

በዚያው ሳምንት ያለ ወራቱ ዝናብ ጣለ። በባሌ ደጋ ስንዴ ከታጨደ በኋላ ዝናብ ከያዘው፣ ሲሚንቶ የተባለ ሁሉ የስንዴ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ የመስጊዱ ግቢ፣ የአስፋልቱ ዳር፣ የመሥሪያ ቤቱ በረንዳ ሁሉ ይሰጣበታል። ባለ መኪናው ዞሮ ያልፋል እንጂ ጡሩምባ አይነፋም። የተሰጣ እህል በጫማ አይረገጥም፤ ባለቤቱ በፈቃዱ ሳያነሣው ሌላ ሰው አያነሣውም። ይህን ማንም አልጻፈውም፤ የማያከብረው ግን የለም።

ረቡዕ ጠዋት ኡመር ኃይለልዑል ቤት መጣ። ኮምባይነሩ አጭዶ እንደጨረሰ ዝናቡ የዓመት ስንዴውን ሜዳ ላይ ደርሶበታል። በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«ኃይሌ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል። ሲሚንቶ አጣሁ» አለ።

ኡመር በዕድሜው ሙሉ ከኃይለልዑል ምንም ለምኖ አያውቅም። ኃይለልዑልም ክለቡን አላማከረም፤ ቆጠረ፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ቅዳሜ ይነሣል፣ እሑድ ጨዋታ ነው። ገመዱን ከአንገቱ አውልቆ ቁልፉን ሰጠው። እስከ ቀትር ሜዳው ከቀለበት እስከ ቀለበት በስንዴ ተሸፈነ።

ሐሙስ ደመና ዋለ። ዓርብ ደግሞ ካፊያ ጣለና ሸራ ለማልበስ ሲሯሯጡ ግማሹ ራሰ።

ቅዳሜ ማለዳ ኃይለልዑል ሲደርስ ኡመር ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በእግሩ ትልም እያወጣ ስንዴውን ያገላብጣል።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦሌሳ?» አለው ኡመር፣ ወንድሜ እንዴት አደርክ ሲለው።

«ናጋ» አለ ኃይለልዑል። ጎንበስ ብሎ ጥቂት ፍሬ አነሣና ነከሰ። ደረቅ ስንዴ ከጥርስ ሥር ቀጭ ይላል። ይኼኛው ድምፅ አልነበረውም።

«ነገ ማለዳ አነሣዋለሁ» አለ ኡመር ሳይጠየቅ። «መኪና ነግሬያለሁ።»

«ወዴት ነው የምታነሣው?»

«ወደ ጆንያ ነዋ!»

«እርጥቡን?»

«እርጥብ ነው ማን አለህ?»

«ጥርሴ።»

«ጥርስህ አርጅቷል።»

«ኡመር፣ ጆንያ ውስጥ ከገባ በሦስት ቀን ይግላል፣ በሳምንት ይሸታል። ይህን እኔ የመናኸሪያ ሰው ነኝ ለገበሬ የምነግረው?»

ኡመር ማገላበጡን ተወ። «ስማ፣ ሳነቴ በኡመር ስንዴ ወረደ ከተባለ በሮቤ በየትኛው መንገድ ልሄድ ነው? ወላሂ፣ መስጊድ ስገባ ሰላምታ የሚመልስልኝ አላገኝም!»

«ቁልፉን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

«የጠየቅሁህ ደግሞ እኔ ነኝ።»

«አታነሣም አልኩህ።»

«አነሣለሁ አልኩህ! የራሴ ስንዴ ነው!»

በአጥሩ ሥር የሚያልፉ ሰዎች ሁለቱ ሽማግሌዎች የተጣሉ መስሏቸው ቆም ቆም አሉ። ኃይለልዑል በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። በቀጥታ የሄደው ወደ ክለቡ ጸሐፊ ወደ ጃለታ ቢሮ ነው።

ጃለታ ወጣት ነው፤ ነገሩን ገና ከመንገድ ሰምቶ ፊቱ ቀልቷል። ቢሆንም ተነሥቶ ወንበር ሳበለት።

«ጋሽ ኃይሌ፣ እርስዎ? ሌላ ሰው ቢያደርገው አይገርመኝም ነበር። እርስዎ!»

«እኔ ነኝ» አለ ኃይለልዑል። ሳይቀመጥ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው፤ ለደጋፊውም እንዲያ ብለህ ንገር።»

«ግድ የለም፤ አሁን ሰው አስተባብሬ አስነሣዋለሁ…»

«አይነሣም።»

«እንዴት አይነሣም? አንድ ሰው ስንዴ ብሎ አርባ ዓመት የለፋንበት ክለብ ይውረድ?»

«ጃለታ፣ የኡመር ስንዴ ነው እኮ።»

የወፍጮ ቤቱን ታሪክ ሮቤ ውስጥ የማያውቅ የለም። የጃለታ ዓይን ሳያስበው ወደ ሽማግሌው ባዶ እጅጌ ሄደና ተመለሰ።

«ደንቡ ሜዳ መለወጥ ይፈቅዳል?» አለ ኃይለልዑል።

«ተጋጣሚውና ዳኛው ከተስማሙ ይፈቅዳል። ግን የት አለን ሌላ ሜዳ?»

«ጎባ።»

ጃለታ ራሱን ያዘ። «ጎባ! ጋሽ ኃይሌ፣ ደጋፊው በቁሜ ይቀብረኛል!»

እውነቱን ነው። ሮቤና ጎባ ጎረቤት ናቸው፤ ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል፤ የአንዱን ሞት አንዱ ይቀብራል። ታላቋ ማን ናት ከተባለ ግን ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ ማዕድ ላይ ይኳረፋሉ። ወሬው ሲሰማ ሮቤ አበደች። «ጎባ ሄደን ሜዳ ከምንለምን ፎርፌው ይሻለናል!» ያሉ ነበሩ። ኃይለልዑል ግን ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። ያጠፋ ሰው ራሱ ሄዶ መጠየቅ አለበት ብሎ ያምናል።

ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ያለው የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሱሀይላ ትባላለች። ነገሩን ሁሉ ሰማችው።

«እሺ አባቴ፣ ተጫወቱ» አለች። «ግን አደራ፣ እዚህ ደግሞ ገብስ እንዳትዘሩብን።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሐዋሳው ቡድን ሮቤ ደረሰ። አሰልጣኙ በሩ ላይ ቆሞ ሜዳውን አየ። ፎርፌ ቢጠይቅ መብቱ ነበር። ቁጢጥ ብሎ አንድ እፍኝ ስንዴ አነሣ፤ አሸተተው፤ በጥንቃቄ ቦታው መለሰው።

«እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» አለ። «በዚህ ላይ ነጥብ ወስጄ ብመለስ እናቴ አታስገባኝም። ጎባው ሩቅ ነው?» ዳኛውም አልተቃወመም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሮቤ በሚኒባስ፣ በአይሱዙና በባጃጅ ተጭና ጎባ ገባች። ጎባዎች በሩ ላይ ተሰልፈው ጠብቀዋል።

«ሮቤዎች! ሜዳችሁን ዘርታችሁበት መጣችሁ አሉ?»

«አጨዳው መቼ ነው? ለደቦ ጥሩን እንጂ!»

«እናንተ ሜዳ አላችሁ፣ ቡድን የላችሁም!» ይላል ሮቤ።

«ቡድን አላችሁ፣ መጫወቻ የላችሁም!» ይላል ጎባ።

ኃይለልዑል ይህን ሁሉ አልሰማም። ያን ድንጋይ ይፈልግ ነበር። ድንጋዩ የለም። የቆርቆሮው አጥር ፈርሶ በብሎኬት ግንብ ተተክቷል። ከግንቡ ማዶ ግን፣ ከአዲሶቹ ሕንፃዎች መካከል፣ አንድ አሮጌ ቤት ቀርቷል፤ መስኮቱም እዚያው ነበር። ከዚያ መስኮት የሚታየው የትኛው ቀለበት እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ገብረጻድቅ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ኃይለልዑል ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆመ፤ ሠርከአዲስም ከአጠገቡ ቆመች።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ሳነቴ የመጀመሪያዋን ኳስ አስገባ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። የኃይለልዑል እጅ ተነሣች፤ ከፊቷ የሚመታ ነገር አልነበረም። ልክ እንደዚያን ዕለት አየር ላይ ቆመች። ብሎኬቱን መታው፤ ብሎኬት ምን ድምፅ አለው?

«እንካ፣ እዚህ ምታ» አለችው ሠርከአዲስ መዳፏን ዘርግታ።

መታት።

«ቀስ በል! እኔ ቆርቆሮ ነኝ እንዴ?»

ሳነቴ መመራት ጀመረ። ልጆቹ ባስገቡ ቁጥር ወደ ማዕዘን ዞር እያሉ ያያሉ፤ የለመዱት ድምፅ ስለሌለ ግር እንዳላቸው ከፊታቸው ይነበባል። ሁለተኛው ሩብ ሲያልቅ ዘጠኝ ነጥብ ተበልጠው ነበር። የሐዋሳው ቡድን ደህና ቡድን ነው፤ እንግዳ ነኝ ብሎ አልራራም።

በእረፍቱ ሰዓት በበሩ በኩል ጫጫታ ተሰማ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ቆርቆሮ ራሱ ላይ ተሸክሞ ሕዝቡን ይከፍላል። ኡመር ነው። በገበያው በኩል ካለው የማዕዘን አጥር፣ የሰረጎደችውን ቆርቆሮ ከነምስማሯ ነቅሎ በአይሱዙ ጭኖ አምጥቷል።

«ስንዴውስ?» አለ ኃይለልዑል።

«መሪየም ይዛዋለች። 'እያዛጋህ ከምታገላብጥልኝ ሂድልኝ፣ ልብህ ጎባ ነው' ብላ ሚስቴ አባረረችኝ» አለ ኡመር እያለከለከ። «ያዝ እንግዲህ፣ አጥር አፍርሼብሃለሁ። ለጃለታ አንተ ተናገር።»

ቆርቆሮዋን ግንቡ ላይ አስደግፎ በትከሻው ያዘለት። ሦስተኛው ሩብ ሲጀመር ሳነቴ አስገባ። ጓ! ጓ! ልጆቹ ሁሉ ዞረው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎባም ሮቤም ዛሬ ድረስ ያወራዋል። ጎባዎች እንኳ ስድባቸውን ትተው ከእኛ ጋር ጮኹ።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነበሩ። መሀመድአወል የሚባለው የጊኒር ልጅ ሁለት የቅጣት ውርወራ አገኘ። የመጀመሪያዋን ሳታት። ሜዳው ረጭ አለ። ልጁ ኳሷን ሦስት ጊዜ አነጠረና ይዟት ቆመ። አይወረውርም።

«ምን ይጠብቃል?» አለ ኃይለልዑል በሹክሹክታ።

«አንተን ነዋ» አለ ኡመር ከቆርቆሮው ጀርባ። «ነካ አድርግለት እንጂ! እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስጠብቅ የነበር ይመስልሃል?»

ኃይለልዑል ዞሮ አየው። በነዚያ ዓመታት ኡመር ኳሷን ይዞ ሲቆም፣ የሚጸልይ ነበር የሚመስለው፤ ለእሱም ለሌላውም ሰው። ኃይለልዑል ወደ ቆርቆሮዋ ተመለሰ። በጣቶቹ ጫፍ አንድ ጊዜ ነካ አደረጋት። መሀመድአወል ወረወረ፤ ገባች። ሳነቴ በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

የኡመር ስንዴ እስከ ረቡዕ ሲሚንቶው ላይ ቆየ። አብዛኛው ዳነ፤ በማዕዘን በኩል የነበረው ግን አቆጥቁጦ ለከብት ሆነ። መሪየም ከዳነው ቆልታ አንድ ሰፌድ ሙሉ ቆሎ ለኃይለልዑል ቤት ላከች። «ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል» እያለ ሲያሾፍ ሰነበተ፤ አንዲት ፍሬ ግን አላስተረፈም። ጃለታ ቁልፉን መለሰለት፤ ቆርቆሮዋንም አብረው መልሰው መቷት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሳነቴ በሚቀጥለው ዓመት ወረደ። አሁን በታችኛው ዲቪዚዮን ነው የሚጫወተው፤ ረጃጅሞቹ ልጆች ወደየክለቡ ተበትነዋል፤ በገበያው በኩል ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶችም ውጤት የሚቆጥሩት አልፎ አልፎ ነው። ኃይለልዑል ዘንድሮ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ጨዋታ ባለ ጊዜ ዛሬም ማልዶ ይጠርጋል፤ ኡመርም ጉልበቱን እያሸ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። በቅርቡ እዚያው አጥር ሥር አብሬአቸው ሆኜ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት ትልቁ ነገር የቱ እንደነበር ጠየቅሁት። ያችን የጎባዋን ድል የሚነግረኝ መስሎኝ ነበር። ብዙ ካሰበ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ዋንጫ ስናነሣ አላየሁም። ኳስም በሁለት እጄ ይዤ አላውቅም። ሰው 'ዕድሜህን ለምን ለአንድ ክለብ ሰጠህ?' ይለኛል፤ ስሰጥ አልታወቀኝም እኮ። ያኔ ሆስፒታል ተኝቼ፣ ከእንግዲህ ማንም ለምንም አይፈልገኝም ብዬ ነበር። ገብረጻድቅ አስገብቶ ወደ አጥሩ ዞረና ቆመ፤ የእኔን እጅ ጠበቀ። ይኼ ደግሞ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀኝ ኖሮ አንድ ቀን አልነገረኝም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይኼ ነው። የሚጠብቀኝ ሰው ነበረ፤ እኔም አልቀረሁም።»